የአቶ ኃይለየሱስ ገሠሠና ለቀስተኛ ታደርስ የነበረችው አውሮፕላን ታሪክ

አቶ ኃይለየሱስ ገሠሠ በኅዳር ወር 1925 ዓ.ም. ቡልቡላ ላይ፣ መንገድ ዳር ካለችው ሱቅ ጓዳ ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው አቶ ገሠሠ ወልደአማኑኤል ከቡልጋ መጥተው ጨውና ቆዳ ይነግዱ የነበሩ ሰው ናቸው፤ እናታቸው ወይዘሮ ወርቅውሃ ደግሞ አባታችን ያከሰሩትን መልሰው የሚያተርፉ እውነተኛዋ ነጋዴ ነበሩ። ይህን የምጽፈው ታናሽ እኅታቸው ተሻለች ገሠሠ ነኝ። በፀሐይ የቆማችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ጽሑፉ ከለመዳችሁት ይረዝማል። ጃንጥላ ያለው ለሌለው ያጋራ፤ ለምን እንደረዘመ ስደርስበት እነግራችኋለሁ።

አቶ ኃይለየሱስ ከቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደግመው ከወጡ በኋላ ወደ ናዝሬት መጥተው፣ አጎታችን ቤት ተቀምጠው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ጎበዝ ተማሪ ነበሩ ብዬ ብጽፍ አብረዋቸው የተማሩት እዚሁ ቆመው ይስቁብኛል። እጃቸው ግን ሥራ ፈትቶ አያውቅም። የአጎታችንን ሬዲዮ እየፈቱ እየገጠሙ ቤቱን ሁሉ አስለቅሰው፣ በመጨረሻ ከፊተኛው የተሻለ ድምፅ እንዲያወጣ አድርገውታል። በ1943 ዓ.ም. ደብረ ዘይት አየር ኃይል ገብተው በአውሮፕላን መካኒክነት ሠለጠኑ፤ እዚያም እስከ 1961 ዓ.ም. በቅንነት አገለገሉ። በ1949 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሙሉብርሃን ጋር በተክሊል ተጋብተው ኤፍሬምንና የሺዓለምን ወለዱ።

እናታችን ወይዘሮ ወርቅውሃ በነሐሴ 1960 ዓ.ም. ቡልቡላ ላይ ዐረፉ። መርዶ በስልክ አይነገርምና ለአቶ ኃይለየሱስ የተነገራቸው እንደ ወጉ «ትንሽ አሟቸዋል፣ ና እያቸው» ተብሎ ነው። እሳቸውም ብርቱካን ገዝተው አውቶቡስ ተሳፈሩ። አውቶቡሱ ዓለም ጤና ላይ ጎማው ፈነዳ፤ ጎማው ሲቀየር ሞተሩ አልነሳ አለ፤ መካኒክ ነኝና ልየው ቢሉ ሾፌሩ «ጋሼ፣ አርፈው ይቀመጡ» አላቸው። ቡልቡላ ሲደርሱ ሰው ከቀብር ተመልሶ ደጃፋችን ላይ እጁን እየታጠበ ነበር። እናትህ ሞታለች ብሎ የነገራቸው የለም፤ ያወቁት የመታጠቢያውን ጣሳ አይተው ነው። ብርቱካኑን እንደያዙ ቆሙ። አላለቀሱም፤ በኋላም አላለቀሱም። «እኔ እርሜን አላወጣሁም» ይሉ ነበር ሁልጊዜ፤ ወንድሜን ያወቀ ሁሉ ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምቷል።

ከአየር ኃይል ከወጡ በኋላ አዋሽ ዳር የጥጥ እርሻ ላይ የመድኃኒት መርጫ አውሮፕላኖችን ይጠግኑ ጀመር። እዚያ ከአቶ ገመቹ ጋር ተገናኙ። አቶ ገመቹ የዝዋይ ልጅ፣ አብራሪ፣ ወሬ የማይወዱ ሰው ናቸው፤ ዛሬም እዚሁ መካከላችን አሉ፣ ጽሑፉ ስማቸውን በማንሳቱ አንገታቸውን እንደደፉ ይሰማኛል። የእርሻው ባለቤቶች ሰው ያመላልሱባት የነበረች አንዲት አሮጌ ባለአንድ ሞተር አውሮፕላን ጅራቷ ተሰብሮ ሣር ውስጥ ተጥላ ነበር። አቶ ኃይለየሱስ እሷን አይተው ያሰቡት አንድ ነገር ብቻ ነው። ከናዝሬት እስከ ሻሸመኔ ባሉት ከተሞች ሁሉ፣ ደሃው ሰው በአውቶቡስ ዋጋ ላይ ጥቂት ጨምሮ በሰዓቱ የሚደርስባት አውሮፕላን ትኑር አሉ። የናዝሬቱ እህል ነጋዴ አቶ ሳሊህ ገንዘቡን አወጡ፤ ወንድሜም ጅራቷን ጠገኑ። ሰው «እብድና እብድ ተገናኙ» አለ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. «የሐይቆች በረራ» የተባለው ማኅበር ሥራ ጀመረ።

በረራው ርካሽ የሆነው ማኅበሩ ምንም ስላልነበረው ነው። ቢሮው የአቶ ሳሊህ የእህል መጋዘን ነበር። ወንበሮቹ ከተገለበጠ አውቶቡስ ላይ የተነቀሉ ናቸው። ተሳፋሪ ከነጓዙ የሚመዘነው እህል በሚመዘንበት ሚዛን ነው፤ ወይዛዝርቱ «ዞር በሉልን» ብለው ሲወጡ፣ አቶ ሳሊህ ልማድ ሆኖባቸው ኪሎውን እንደ ጤፍ ጮክ ብለው ይጠሩታል። በዚህ የተነሳ የተቀየሙ ዛሬም ድረስ አሉ። ማረፊያዎቹ የከብት ግጦሽ ነበሩ፤ አቶ ገመቹ ከማረፋቸው በፊት ሜዳውን ዞር ዞር ብለው፣ በሞተሩ ድምፅ ላሞቹን ማባረር ነበረባቸው። ያም ሆኖ የመቂና የዓለም ጤና ሽንኩርት ነጋዴዎች፣ የሻሸመኔ ባለሱቆች፣ ክስ ያለባቸው ሰዎች ሁሉ ተሳፈሩባት። ወንድሜን ሲያፏጩ የሰማሁት በእነዚያ ጥቂት ወራት ብቻ ነው።

አሁን ስለ ደንባቸው ልናገር። ለቀስተኛ ከመጣ ይቀድማል። ነጋዴ ተመዝኖ፣ ገብቶ፣ ቀበቶውን ታጥቆም ቢሆን ይወርዳል። ወይዘሮ መሰለች የምትባል የናዝሬት ሴት ወንድሟ ሻሸመኔ ላይ ሞቶ «ታሟል» ተብላ ስትመጣ፣ አንድ የሽንኩርት ነጋዴ አውርደው እሷን አሳፈሩ። ደግሞ ለአቶ ገመቹ «ከተማው ላይ ሁለት ጊዜ ዙርላት፤ እድሩ ሰምቶ ቀብሩን ያቆይላት» አሏቸው። ዞሩላት። ቀባሪው ቀና ብሎ አይቶ፣ «እኅቱ መጣች ማለት ነው» ብሎ ቆየላት። ወይዘሮ መሰለች ወንድሟን በእጇ ሸኘች፤ ተመልሳም መጥታ የአቶ ኃይለየሱስን እግር ልትስም ተደፋች። ወንድሜ በዚያ ቀን ከሰው ተደብቀው መጋዘኑ ውስጥ ከጆንያው ጀርባ ተቀመጡ። ደስ ብሏቸው ነው እንጂ ከፍቷቸው አልነበረም።

ወሬው ተሰማ። ከዚያ ወዲያ ሰው ዘመዱ በሞተ ቁጥር ወደ መጋዘኑ መሮጥ ሆነ፤ አቶ ገመቹም በየከተማው ላይ ይዞሩ ጀመር። ችግሩ ምኑ ላይ ነው? ለቀስተኛ ሲይዙም ይዞራሉ፤ ላም ሲያባርሩም ይዞራሉ። ከታች ያለ ሰው ልዩነቱን በምን ይወቀው? አውሮፕላኗ የእድር ጡሩምባ ሆና ቀረች። ብቅ ስትል እናቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ «ማንን ልታረዳ መጣች?» እያሉ ወደ ሜዳው ይጎርፋሉ። አርሲ ነገሌ ላይ የሠርግ እድምተኞች ይዛ ብታርፍ የሙሽራዋ እናት ራሳቸውን ሳቱ፤ ሠርጉም ከምሳ በኋላ ነው የተጀመረው። ነጋዴው እየሸሸ ሄደ። «በእሷ ስመጣ ሚስቴ አልቅሳ ትጠብቀኛለች፣ ምን በወጣኝ!» አለ አንዱ የመቂ ሰው። አቶ ሳሊህ ወንድሜን፦ ለቀስተኛን ለአውቶቡስ እንተውና እንዳን ብለው ለመኗቸው። አቶ ኃይለየሱስ እንቢ አሉ። ግትር ነበሩ፤ በመቃብራቸው አፋፍም ቢሆን እውነቱን እናገራለሁ።

«የሐይቆች በረራን» አዋጅ ጣለው የሚሉ አሉ። እኔ የማውቀው እንዲህ ነው። የገጠር መሬት አዋጅ በታወጀ በሳምንቱ፣ መጋቢት 1967 ዓ.ም. ላይ፣ አዋጁን ለቡልቡላ ሕዝብ ሊያበሥሩ አንድ ባለሥልጣን የድምፅ ማጉያቸውን ይዘው ተሳፈሩ። አቶ ኃይለየሱስም አብረው ሄዱ። ሜዳው ላይ ከብት ስለነበረ አቶ ገመቹ ዞሩ። ሲያርፉ ከተማው በሙሉ ወጥቷል፤ ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ወንዱ ደረቱን እየደቃ፣ ገሚሱ በአማርኛ ገሚሱ በኦሮምኛ ዋይ ዋይ ይላል። ባለሥልጣኑ ክንዳቸውን አንስተው «መሬት ለአራሹ!» አሉ። ሕዝቡ አለቀሰ። «ኧረ የምሥራች ነው ያመጣሁላችሁ፤ ማንም አልሞተም!» አሉ። ይህን ጊዜ ባሰ። በኛ አገር መርዶ ነጋሪ የሚጀምረው እንዲሁ አይደል? ማንም አልሞተም፣ ደህና ናቸው፣ ትንሽ አሟቸው ነው ብሎ አይደል? ማንም አልሞተም በተባለ ቁጥር ሰው የሞተው ብዙ ነው ብሎ ጮኸ። አቶ ኃይለየሱስ ሊያስረዱ ብለው «ጌታዬ፣ ለርስዎ አይደለም የሚያለቅሱት» ቢሉ ነገሩን ጨርሰው አበላሹት። ባለሥልጣኑ፣ ሕዝቡ ለወደቀው ሥርዓት እንዲያለቅስ በአውሮፕላን ምልክት ተሰጥቶታል ብለው አመለከቱ።

ወንድሜና አቶ ገመቹ እስከ ግንቦት ታሰሩ። የቡልቡላ ሽማግሌዎች መጥተው መሰከሩላቸውና ተፈቱ፤ አውሮፕላኗ ግን አልተፈታችም። ታሽጋ ከመጋዘኑ በስተጀርባ ቆመች። ሞተሯ ለሌላ ሥራ ተወሰደ፣ ወንበሮቿን ቀበሌው ለስብሰባ አዳራሹ ወሰዳቸው፣ ዶሮዎች ክንፏ ሥር እንቁላል ጣሉ። አቶ ኃይለየሱስ በመንግሥት እርሻ የትራክተር መካኒክ ሆነው ሠሩ፤ ከሥራ ሲመለሱም በዚያ በኩል ማለፍ ትተው ዙሪያ ጥምጥም ይመጡ ነበር። አቶ ሳሊህ አንድ ቀን እንኳ «አከሰርከኝ» ሳይሏቸው ኖረዋል። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

የበኩር ልጃቸው ኤፍሬም በ1970 ዓ.ም. ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። ቀብሩ የት እንደሆነ አናውቅም፤ ድንኳንም አልተጣለም። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አልጽፍም። ወንድሜ ከዚያ ወዲህ ሰው የሆኑት ለእድር ስብሰባ ብቻ ነው። የእድራችን ደንብ ቀብር ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይፈጸማል ይላል፤ እሳቸው ደግሞ በየስብሰባው ተነስተው፣ ሩቅ ያለ ልጅ እስኪደርስ ይጠበቅ የሚል እንዲጨመር ይጠይቁ ነበር። በየስብሰባውም ይሸነፋሉ። ዳኛው «አቶ ኃይለየሱስ፣ እድሩ ስንቱን ይጠብቃል? ቀባሪውም ሰው ነው» ይሏቸዋል። እሳቸውም «እሺ፣ ለሌላ ጊዜ» ብለው ይቀመጣሉ። በሚቀጥለው ስብሰባ ደግሞ ይነሳሉ።

ከአምና ጀምሮ ሳንባቸው ይታመም ጀመር። በሕክምናም በጸበልም ሲረዱ ቆይተው፣ ትናንት የካቲት 17 ቀን 1980 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ እዚሁ ናዝሬት በቤታቸው ዐረፉ። ደክመው ነበርና እግዚአብሔር አሳረፋቸው። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሙሉብርሃንን፣ ልጃቸውን የሺዓለምን እና ይህችን ደካማ እኅታቸውን ትተው ሄደዋል።

እንግዲህ ለምን እንደረዘመ ልንገራችሁ። የሺዓለም ዲላ ላይ የጤና ረዳት ናት። ትናንት ማታ በስልክ «አባትሽ ትንሽ አሟቸዋል» አልናት። ያንኑ ቃል፣ በዚያው አገር፣ እኔው በአፌ አልኳት፤ ሌላ ቃል የለንም። ዛሬ በመጀመሪያው አውቶቡስ ተነስታለች። ሻሸመኔን፣ ቡልቡላን፣ መቂን፣ ያንን የዓለም ጤናን መንገድ አልፋ ነው የምትመጣው። ከተማው ላይ የሚዞርላት የለም። መናኸሪያው በር ላይ ሴቶች መርዶዋን ሊነግሯት ቆመው ይጠብቋታል፤ አቶ ገመቹ ደግሞ ጋሪ ተከራይተው አስቁመውላታል።

የእድሩን ዳኛ ዛሬ ጠዋት ለመንኳቸው። ደንብ ደንብ ነው አሉኝ። እኔም ደንቡን አስነበብኳቸው። የሕይወት ታሪክ ተነብቦ ሳያልቅ ሬሳ ወደ ጉድጓድ አይወርድም ይላል። ታሪኩ ምን ያህል ይርዘም የሚል ግን አንድም ቦታ የለም። ዳኛው ወረቀቱን አገላብጠው አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ «ወንድምሽን ነው የምትመስይው» ብለውኝ ሄዱ። ተቆጥተው አልነበረም፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

የአባቶቻችን አምላክ የአቶ ኃይለየሱስን ነፍስ ይቀበልልን። ሳይሸኟቸው ከቀሩት ከእናታቸው ከወይዘሮ ወርቅውሃና መቃብሩን ካላወቁት ከልጃቸው ከኤፍሬም ጋር ያገናኝልን፤ እርማቸውንም እዚያ ያውጡ። በፀሐይ ለቆማችሁልን ሁሉ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል፤ ለእናንተም የሚቆምላችሁ አያሳጣችሁ።

ይህን የሚያነብልን ሰብስቤ ነው፤ ቀስ ብሎ እንዲያነብ አደራ ብዬዋለሁ። የሺዓለም በቤተ ክርስቲያኑ በር ስትገባ ካየ፣ የትም ይድረስ የት፣ እዚያው ላይ ያቁም። እስከዚህ ድረስ አንብቦ እሷ ካልመጣች ግን ውሃ ይጠጣና፣ ቡልቡላ ላይ ተወለዱ ከሚለው ጀምሮ እንደገና ያንብብ።