አርአያ ገበሬ ያሰኘኝ የተውሶ ቦቲ ጫማ

ለተከበሩ የሶንጌ ወረዳ አስተዳዳሪ ለአቶ ናምጉንግ ቴሱ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ወረዳችን የድጎማ በጀት ከዓመት ዓመት ይበርክት፤ ለክብርት ባለቤትዎም ሰላምታዬ ይድረስልኝ። እኔ ማ ሳንግዶክ፣ ሴኡል ከተማ የምሠራ የጥርስ ሐኪም፣ ከአባቴ በወረስኩት የሩዝ ማሳ የአራሽ ድጎማ የምቀበል፣ ዘንድሮ ደግሞ በእርስዎ መልካም ፈቃድ የወረዳው አርአያ ገበሬ ተብዬ የተመረጥኩ ሰው ነኝ። ከምስጋናዬ ጋር ጥቂት ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ቁጥጥራችሁ እጅግ ጨዋ ነው። ድጎማው መሬቱን በእጁ ለሚያርስ ብቻ ቢሆንም፣ ተቆጣጣሪዎ የሚመጣበትን ቀን አስቀድሞ ስለሚያሳውቀኝ ከሴኡል ለመድረስ ተቸግሬ አላውቅም። በግንቦት የመጣሁ ዕለት፣ ማሳውን ከእኔ ተከራይቶ የሚያርሰው ጋሽ ኦክ ቦንግሱ፣ ግራው በቀይ ላስቲክ የተጣፈ ጭቃማ ቦቲ ጫማውን አውልቆ ሰጠኝ። "ዶክተር፣ በዚህ በሚያብረቀርቅ ጫማህ ጉድ ልታፈላብን ነው እንዴ? በል አጥልቅ! ድጎማው ከቀረብህ መሬቱን ትሸጠዋለህ፤ እኔስ በዚህ ዕድሜዬ የት ልግባ?" አለኝ እየሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ። ተቆጣጣሪዎ ፎቶ ሲያነሳኝ፣ ባለጫማው በካልሲው ከውሃ ፓምፑ ቤት ጀርባ ተደብቆ ይጠብቅ ነበር።

ሁለተኛ፣ የእርዳታችሁ ፍጥነት ያስደንቃል። ባለፈው መስከረም አውሎ ነፋሱ ሩዙን መሬት ላይ ሲያነጥፈው፣ የካሳው መልእክት በስልኬ የደረሰኝ ክሊኒኬ ውስጥ የሰው ጥርስ እየሞላሁ ሳለ ነው። ጋሽ ቦንግሱ ግን የተጋደመውን ሩዝ ከሚስቱ ጋር እያቃና ሲያስር ሰንብቶ ወገቡ ተያዘ። በመዝገባችሁ ገበሬ ስላልሆነ፣ ካሳው ይቅርና በቅናሽ የሚሸጠው ማዳበሪያ እንኳ ተከለከለ። ያም ሆኖ ከአጨዳው በኋላ አዲስ ሩዝ በጆንያ ላከልኝ። ባለቤቴ ቀቅላ አቀረበችልኝ፤ ሳልቀምሰው ከማዕዱ ተነሣሁ።

ሦስተኛው ቅሬታዬ በራሴ ላይ ነው። "አራሹ እኔ ነኝ" ብዬ የፈረምኩት ማንም አስገድዶኝ አይደለም፤ ልጅ ሳለሁ ዋና ያስተማረኝን ሰው በገዛ ማሳው ላይ እንዲደበቅ ያደረግሁት እኔው ነኝ።

ስለዚህ ሽልማቱን አልቀበልም። የበላሁትን ድጎማ ለመመለስ አመልክቻለሁ፤ ከጋሽ ቦንግሱ ጋርም በሕይወት እስካለ ማሳው የማይነጠቅበትን የኪራይ ውል ተፈራርመናል። ውሉን አንብቦ "ይኼን ማድረግ እየቻልክ ነው እንዴ እስከ ዛሬ እንደዚያ ያስፈራራኸኝ?" አለኝ። አንድም ቀን በአፌ አስፈራርቼው አላውቅም፤ ዝም ማለቴ ብቻ በቂ ነበር። እባክዎን ስሜን ሰርዘው የእሱን ይጻፉልኝ።

ከማይገባኝ ምስጋና ጋር እስከ ወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣

ማ ሳንግዶክ
ጭቃ ነክቶት የማያውቅ አርአያ ገበሬ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከማሳዬ አጠገብ ያለው፣ በክብርት ባለቤትዎ ስም የተመዘገበው ማሳ ዘንድሮ በጣም አምሮበታል። ማን እንደሚያርሰው ጋሽ ቦንግሱን ብጠይቀው፣ ጎንበስ ብሎ ቦቲውን ያጥብ ጀመር። ቤቴ ገብቼ በወረዳው የቀን መቁጠሪያ ላይ ያለውን፣ ክቡርነትዎ ሩዝ ሲተክሉ የተነሡትን ፎቶ አየሁ፤ በግራ እግርዎ ላይ ያለችውን ቀይ ላስቲክ ወዲያው አወቅኋት። ቦቲው እኔን ትንሽ ሰፍቶኝ ነበር፤ ለእርስዎ ግን ልክክ ብሎልዎታል።