ለገብርኤል የገባው ጥላ

ልጄ ዝማሬ፣ የማርሴይ ብርድ አይንካሽ፤ ገብርኤል በክንፉ ይጋርድሽ። እኛ ደህና ነን፤ ሙቀቱ ብቻ ነው ያስቸገረን። አባትሽ ጉልበቱን ቢያመውም፣ የቦክሱን ቀበቶ ካሸነፍሽ ወዲህ ቡላኦስ ገበያ ስላንቺ ሲያወራ ይውላል።

ቅንድብሽ ዳነልሽ? ግጥሚያውን ጎረቤታችን ኑሪያ ቤት በዲሽ አየሁት። ደምሽ ሲወርድ በእኔ የመጣ መሰለኝ። በታኅሣሥ ገብርኤል፣ «ልጄ ተሸንፋ ቦክሱን ከተወችልኝ ጥላ አስገባለሁ» ብዬ ተስዬ ነበር። ክፉ ተመኝቼልሽ አይደለም፤ ለፊትሽ ፈርቼ ነው። ደሙን ሳይ ግን ስለቴን ረስቼ፣ ብድግ ብዬ «ምቺያት፣ ልጄ» እያልኩ ስጮህ ኑሪያ ደነገጠች።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን የማኅበራችን አበዛሽ አገኘችኝ። መሳሌን እንጂ ምን ብዬ እንደተሳልኩ አታውቅም። «ስለትሽ ሰመረ፤ ጥላውን አታስገቢም እንዴ?» አለችኝ። እውነቱን መናገር አፍሬ፣ ከድሬዳዋ አስመጥቼ ያስቀመጥኩትን ጥላ ይዤ ሄድኩ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ቄሱም «ጸሎትሽን የሰማ አምላክ ይመስገን» ብለው መረቁኝ። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አባትሽ እንኳን ይህን አያውቅም።

አታኩርፊኝ፣ ልጄ። ክንድሽን ያጽናልሽ፣ ዓይንሽን ይጠብቅልኝ። ቅንድብሽ ላይ በረዶውን ሳትሰለቺ ያዢበት። ደግሞ የሚቀጥለው ግጥሚያሽ መቼ እንደሆነ አስቀድመሽ ደውለሽ ንገሪኝ። የአሁኑን ስለት አሸንፊ ብዬ ልሳል።

እናትሽ ውዴ
ከካርቲየ 5፣ ጅቡቲ