እንደ ፎቶው ደርቆ ስለ መቆም

ለተከበሩ የጎልፍ ክለባችን የቴክኒክ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም የእጅዎ አንጓ ደህና እንደሚሆን ተስፋ አደርጋለሁ። ስለ አንጓ የጠየቅሁት ያለ ነገር አይደለም፤ የልጄ አንጓ ደህና ስላልሆነ ነው። እኔ ከልምምድ ሜዳው አጥር ሥር፣ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ ልጄን የምጠብቀው፣ እርስዎ «ያቺ አፈኛ እናት» የሚሉኝ ሴት ነኝ። ስም ስላወጡልኝ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ዛሬ ለስሙ የሚመጥን ሥራ ልሠራ ነው።

ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍሁት፣ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ነዎት ስለተባልሁ ነው። ደግሞም ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና፣ ወላጅ ሁሉ የሚያወራውን እርስዎ ብቻ ሳይሰሙ እንዳይቀሩ አስቤ ነው።

አንደኛ፤ ዱላው ኳሷን በሚነካበት ቅጽበት ሰውነት እንዴት መሆን እንዳለበት ስላስተማሩን እናመሰግናለን። ክብደት ወደ ፊተኛው እግር፣ ዳሌ ወደ ዒላማው ዞር፣ እጆች ከኳሷ ቀደም፣ ራስ ከኳሷ ኋላ ቀረት። እውነት ነው፤ የልጆቹ አሰልጣኝም እርስዎ ከመሾምዎ በፊት ይህንኑ ስታስተምር ኖራለች። እሷ ግን ይህ አቋም ሰውነት የሚያልፍበት እንጂ የሚያርፍበት አይደለም፣ ዓይን እስኪጨፈን እንኳ አይቆይም ትል ነበር። ከእርስዎ ወዲህ ዝም ብላለች።

ሁለተኛ፤ እርስዎ ይህንኑ አቋም ማረፊያ ስላደረጉልን እናመሰግናለን። ልጆቹ ዱላውን በሙሉ ኃይል አውርደው ልክ ኳሷ ጋ ሲደርሱ ድርቅ ብለው ይቆማሉ፤ እርስዎም ማስመሪያ ይዘው እየዞሩ ዳሌና ክርናቸውን ይለካሉ፣ አዳራሹ ውስጥ ከተሰቀለው ከራስዎ ፎቶ ጋርም ያመሳክራሉ። ኳሷ የት ደረሰች ብሎ የሚጠይቅ የለም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸው ነው! ባለፈው ከጎረቤት ክለብ ጋር ሲገጥሙ ልጆቻችን አምረው ቆሙ፤ ኳሶቹም አብረዋቸው ቆሙ። የእንግዶቹ አሰልጣኝ ወደ አግዳሚው መጥቶ ልጆቹን ምን ነካቸው፣ ታመው ነው እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። አፈርሁ።

ሦስተኛ፤ ድርቅ ብሎ መቆሙ ስላመጣልን ነገር እናመሰግናለን። በሙሉ ኃይል የወረደ ዱላ በድንገት ሲገታ፣ ያ ሁሉ ኃይል የሚገባበት ይፈልጋል። የገባው ልጄ አንጓ ውስጥ ነው። ሐኪሙ፣ አሁን እጇ አርፎ ስለተሻላት እንደ ልቧ ትምታ፣ ዱላውን መሀል መንገድ ላይ እንደገና ከገታችው ግን ከዚያ በኋላ ዱላ መጨበጥ የሚባል ነገር አይኖርም ብሏል። ይህንኑ ለኮሚቴዎ አስታወቅሁ። የመጣልኝ መልስ፣ በቅዳሜው የቡድን ምርጫ ኳሷ ጋ ያልቆመ ተጫዋች ይሰረዛል የሚል ነው። እንግዲህ ወይ አንጓዋን ወይ ቡድኗን እንድትመርጥ ዕድል ስለሰጧት አመሰግናለሁ። ልጅቷ ከዚህ ቡድን ሌላ ምኞት የላትም። ትናንት ኩሽና ውስጥ በመጥረጊያ እንጨት ስትለማመድ ደረስሁባት፤ ታወርዳለች፣ ቀጥ ታደርጋለች፣ ጥርሷን ትነክሳለች። እማዬ አታስቢ፣ ችዬው እቆማለሁ አለችኝ። አንጀቴን በላችው። ክቡር ሆይ፣ ጨዋነቴ እዚህ ላይ ትንሽ ይረፍ፦ ልጄን ይተዉልኝ!

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። አራተኛው ስለ ፎቶው ነው። እርስዎ በተሾሙ ዕለት ያ ፎቶ ሲነሳ እኔ ለእንግዶች ውሃ አዳይ ነበርሁና አጠገብዎ ቆሜ ነበር። ፎቶ አንሺው ዳሌዎን ዞር፣ እጅዎን ቀደም፣ እባክዎ አይተንፍሱ ሲልዎት ላብዎ ጠብ እስኪል ታዘዙት። ሲጨርስ ዱላውን ለአሰልጣኟ አቀብለው ወደ ምሳ ሄዱ። ኳሷን አልመቷትም። እኛ ስንት ልጅ የምናሠቃየው ፎቶ ሊነሳ የቆመን ሰው እንዲመስሉ ነው ማለት ነው። አይፈረድብዎትም፣ አምሮብዎታል።

ቅዳሜ ልጄ ትመጣለች። ዛሬ ጠዋት ፎቶው እንዴት እንደተነሳ ነገርኋት፤ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ አለቀሰች፣ ከዚያ መጥረጊያውን ወደ ቦታው መለሰች። ትመታለች፤ አትቆምም። ቢሰርዟትም ደህና አንጓዋን ይዛ ወደ ቤቷ ትገባለች። ግን ከመሰረዝዎ በፊት፣ ስለ ልጆችዎ ብለው፣ ኳሷ የወደቀችበትን ዞር ብለው ይዩልኝ።

በፎቶዎ ሥር ባለፍሁ ቁጥር እንዳላበላሽብዎ ትንፋሼን የምይዝ፣ ከዳሌዎ ይልቅ አንገትዎ ወደ ዒላማው እንዲዞር ዘወትር የምመኝ፣

አክባሪዎ አፈኛዋ እናት

ድኅረ ጽሑፍ፤ በፎቶው ላይ የምትታየውን ኳስ የዚያን ዕለት ከተቀመጠችባት ትንሽ ችካል ላይ ያነሳኋት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ቤቴ ናት፤ ጭረት እንኳ የላትም። ቅዳሜ ልጄ የምትመታው እሷን ነው፤ ሊያገኟት ከፈለጉ ከሜዳው ማዶ ይጠብቋት።