ሬናልድ ውሻውን የለቀቀ ዕለት

ፈንዲ ባሕር ዳር፣ ኒው ብራንዝዊክ፣ ካናዳ
ኦገስት 12 ቀን 2019

ለምወድህ ልጄ ለጊልበርት፣

እንደምን ሰነበትክ? ቫንኩቨር ተስማማህ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ይህን የምጽፍልህ ግን ደሜ እየፈላ ነው። ብደውልልህ አስቀህ ታስረሳኛለህ፤ ለዚህ ነው በወረቀት ያደረግሁት።

ትናንት ሰማዩ አመድ መስሎ ዋለ። ባሕሩ የት አልቆ ሰማዩ የት እንደሚጀምር አይለይም። ትተህልኝ የሄድከውን ካሜራ ይዤ ወረድኩ። ባሕሩ ሞልቶ ጭቃውን ሸፍኖት ስለነበር፣ ትንንሾቹ ወፎች በቀረችው ጠባብ ጠጠር ላይ ተጠጋግተው ተኝተዋል። ድንጋይ ናቸው ብለህ ልትረግጣቸው ትችላለህ። በደረቴ ተኝቼ እየተሳብኩ ቀረብኳቸው። አንዷን በአንድ እግሯ ቆማ ዓይኗን ከፈት ከደን ስታደርግ ፎቶ አነሣኋት።

ያኔ አብሮ አደግህ ሬናልድ ካሜራውን አንግቶ፣ ጥቁር ውሻውን አስከትሎ መጣ። ውሻውን እንዳይለቀው በደግ ቃል ለመንኩት። በዚህ ዳመና ተኝተው ምን ፎቶ ይወጣቸዋል፣ ካልበረሩ አያምሩም ብሎ ለቀቀው። ወፎቹ ባንዴ ብር ሲሉ የባሕሩ ዳርቻ ተነቅሎ የተነሣ መሰለኝ። እነዚህ ፍጥረቶች እኮ ከዚህ ተነሥተው ደቡብ አሜሪካ እስኪደርሱ ማረፊያ የላቸውም፤ ገላቸው ላይ ያለው ስብ ነው ስንቃቸው። ለአንድ ፎቶ ብሎ ስንቃቸውን አስጨረሳቸው። አንዷን ውሻው በአፉ ይዞ መጣ። ፈልቅቄ ወሰድኳት። ልቧ መዳፌ ውስጥ ጥቂት ሲመታ ቆይቶ ቀጥ አለ።

ሰደብኩት። አፌ የማያውቀውን ስድብ ሁሉ ሰደብኩት። እሱ ግን ረጋ ብሎ፣

«እትዬ ኤርሚን፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ በተሰቀለው፣ ጊልበርት ባነሣው ፎቶ ላይ ያሉትን ወፎች ማን ያበረራቸው ይመስልዎታል? የዚህ ውሻ እናት ናት። ‹በል አሁን ልቀቃት› ያለኝም እሱ ራሱ ነው» አለኝ።

ውሸታም አልኩት። አልተቆጣም፤ አዘነልኝ። እኔን የገደለኝ ማዘኑ ነው።

በዚያ ፎቶ ስንት ዓመት ኮራሁ። ቀኑን ሙሉ ሳልንቀሳቀስ ጠብቄ በራሳቸው ሲነሡ አገኘኋቸው ያልከኝ አንተ ነህ። አልጠየቅሁህም፤ ወደህ ነው የነገርከኝ። እኔን እናትህን ምን ብለህ ዋሸኸኝ? ምን ልከለክልህ?

ዛሬ ጠዋት ፎቶውን ላስወርድ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። እዚያ የምትሠራው ዜልማ ገና ከበር ስታየኝ፣ ፎቶውን ቆመው ለሚያዩ ባልና ሚስት «እናቱ ይቺውላችሁ» አለቻቸው። ሴትየዋ እንዴት እንዳነሣኸው ጠየቀችኝ።

«ቀኑን ሙሉ ጠብቆ» አልኩ።

በስተርጅናዬ ዋሸሁልህ፣ ጊልበርት። ሁለተኛ አልዋሽልህም። በረዶው ሳይጥል መጥተህ በገዛ አፍህ ንገራቸው፣ ፎቶውንም በገዛ እጅህ አውርደው። አምላክ ዓይንህን ይጠብቅልህ፤ ልብም ይስጥህ። የአውሮፕላኑን ቀን ብቻ አስታውቀኝ፤ አልጋህን አንጥፌዋለሁ።

የተቆጣችህ እናትህ፣
ኤርሚን