ልጆቼ የሱፍዋን ማታቱ ላይ

ናይሮቢ፣ ኢስሊ
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለየውብዳር፣ ለልጆቼ እናት፤ ውቤ እንዳልልሽ አንጀቴ አሯል፣

«የልጆቼን ፊት የመንገድ መኪና ላይ ለጥፎ አደባባይ ሊያወጣቸው ነው ወይ?» ያልሽው ደርሶኛል። አስካለ ከሐዋሳ ስትመለስ ዕቃዋን እንኳ ሳታወርድ ነው የነገረችኝ፣ ያውም ድምፅሽን እያስመሰለች፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። አዎ፣ ላወጣቸው ነው! «ልጆቼ» ትያለሽ ደሞ። ብቻሽን ነው እንዴ የወለድሻቸው? ስልክሽ ላይ ብሎክ አድርገሽኛል፤ እኔ ግን ብሎክ ተደርጎ ዝም የሚል ሰው አይደለሁም፣ ታውቂኛለሽ። አስካለ አርብ ለንግዷ ተመልሳ ሐዋሳ ትመጣለች፣ ይሄን ወረቀት እጅሽ ላይ ታስቀምጥልሻለች። ወረቀት ብሎክ አይደረግም።

መጀመሪያ ይሄን እወቂ። አድነው ዛሬ ያኔ የምታውቂው አድነው አይደለም። ናይሮቢ ውስጥ ማታቱ ታክሲ ላይ የሰው ፊት የሚያወጣ ማነው ሲባል የኔ ስም ነው የሚጠራው። ኬንያውያኑ ራሳቸው «ፉንዲ ሀበሻ»፣ ሀበሻው ባለሙያ ይሉኛል። ወንድምሽ ዘርይሁን «ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ ቦዘኔ» እያለ ስሜን ሲያጠፋ፣ ተማሪው ሌላውን ማታቱ ሁሉ አሳልፎ እኔ የቀባሁትን ቆሞ ይጠብቃል። ፓርክላንድስ ሰፈር ሴቶች ወርደው ፎቶ ሲያነሱት በአይኔ አይቻለሁ። ዘርይሁንን ማን ፎቶ አንስቶት ያውቃል? ለፓስፖርት ካልሆነ።

አሁን ሱፍዋን አዲስ ማታቱ ገዛ። ያ የሞያሌው ጨርቅ ነጋዴ፣ ሱቁ ደጃፍ ላይ ልጆቹን ከረሜላ ይሰጣቸው የነበረው። «አድነው፣ እንደፈለግክ አርገው፣ ወላሂ አልናገርህም። ብቻ ሰው ዞር ብሎ ይየው» አለኝ። ምን ልሳል ብዬ አላሰብኩም። ቀጥ ብዬ ሄጄ ከፍራሹ ስር ያቺን ስዕል አወጣኋት። ታስታውሻታለሽ፣ ካላንደር ጀርባ ላይ በእርሳስ የሞነጫጨርኳት። ልጆቹ አልጋው ላይ ማታቱ ማታቱ ይጫወታሉ። ትንሳኤ የድስት ክዳን ይዛ ሹፌር ነች። ማዕዶት እንደ ማካንጋ፣ እንደ ረዳት ራስጌው ላይ ተንጠልጥላ፣ እንጨቱን በጥፊ እየመታች «ታኦ! ታኦ! ቤባ ቤባ!» እያለች ወደ ከተማ ትጣራለች፣ ሒሳብ ትሰበስባለች። አንቺ ተሳፋሪ ነሽ። ሽንኩርት እየላጥሽ ነበር፤ ሒሳብ ስትልሽ ልጣጩን ሰጠሻት። «ማማ፣ ይሄ የተቀደደ ነው፣ ውረጂ!» ስትልሽ የሳቅሽውን ሳቅ እሱንም ስዬዋለሁ።

ያቺን ስዕል ነው መኪናው ጎን ላይ ያሳደግኳት። ግን እንደነበረች አይደለም፣ አሻሽያታለሁ። ሕፃን ልጅ የማታቱ በር ላይ አይንጠለጠልም፣ ስለዚህ ልጆቹን አሁን ያሉበት ዕድሜ ላይ አደረስኳቸው። ለማዕዶት የኔን ግንባር ሰጠኋት፣ አንገቷን ትንሽ ሳብ። ትንሳኤን ጉንጯን ቀነስኩላት። ፎቶ ሳላይ! ከጭንቅላቴ! እስቲ ሌላ ፉንዲ ይሞክራት።

አንቺን ደሞ በሩ ላይ አደረግኩሽ። አውቄ ነው። በሩ በተንሸራተተ ቁጥር ትጠፊያለሽ፤ ልጆቹ ይቀራሉ፣ አንቺ ትሄጃለሽ። ስትሄጂ አገሩ ሁሉ ይይሽ። ሞምባሳ የሰው ጀልባ ስቀባ ቆይቼ ስመለስ ባዶ አልጋ ነው የጠበቀኝ። ሳምንት ብዬ ክረምቱን ብቆይ ምን አለበት፣ ስራ አይደል? እሱ ነው ልጆች ይዞ የሚያስኬድ? እንግዲህ አሁን በቀን ስንቴ እንደምትጠፊ አንቺው ገምቺው።

የወንድምሽን ቦታ ግን እየሳቅኩ ነው የመረጥኩት። ከኋላ፣ ከታች፣ ጭስ ማውጫው ጋ። ፊቱን ከነከረባቱ አወጣሁት፣ የጅብ ጆሮ ጨመርኩለት፣ አፉን ከፍቼ ልክ ቱቦው ላይ አሳረፍኩት። ሞተሩ ሲነሳ ጥቁር ጭስ በአፉ ይወጣል። «እህቴ፣ ይሄ ሰውዬ ባል አይሆንሽም» ብሎ አውቶቡስ ያሳፈረሽ አፍ ነው። የሰው ቤት ያጨሰ አፍ ዕድሜ ልኩን ይጭስ! መስመሩ ደሞ ሳውዝ ሲ ሰፈር ነው፣ በሱ በር ነው የሚያልፈው። እሁድ ጠዋት መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ ሲወጣ ከራሱ ጋር ይገናኛል። ሱፍዋን አይቶ በሳቅ ሞተ። «ይሄ ሰው ይከሰናል» አለኝ። «ምን ብሎ? ጅቡ እኔ ነኝ ብሎ?» አልኩት።

ወሬው ደረሰው መሰለኝ ያለፈው ሳምንት ሰኞ ራሱ ጋራዡ ድረስ መጣ። ለአንቺም የነገረሽ እሱ ነው፣ ሌላ ማን አለ? ለድብድብ ተዘጋጅቼ ጓንቴን አወለቅኩ።

«ወንድሜ አድነው፣ ሰላም ነው?»

«ወንድምህ የት አለ?» አልኩት።

መኪናውን ዞረ። ከኋላ ጎንበስ ብሎ ራሱን አየ። እስኪጮህ ጠበቅኩ። አልጮኸም።

«እኔንስ በደንብ አውጥተኸኛል» አለ። «ጆሮዬን ብቻ ነው ያበዛህብኝ።»

«ሲያንስህ ነው።»

ከዛ ወደ ጎኑ መጣ። ማዕዶት ፊት ቆሞ ብዙ አየ።

«ይቺ ማን ናት?»

«ምን ማለት ነው ማን ናት? ልጄን አታውቃትም?»

«እኔማ አውቃታለሁ፣ በየክረምቱ ሄጄ አያታለሁ። ይቺ እሷ አይደለችም። ማዕዶት መነፅር ታደርጋለች፣ አድነው።»

ሰራተኛው ሁሉ እየሰማ ነው። «አውቃለሁ» አልኩት። «አውቄ ነው የተውኩት።»

«እሺ» አለኝና ሄደ። እሺ ብሎ! ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ብመታው ይሻለኝ ነበር።

ከዛ ወዲህ ስራ እምቢ አለኝ፣ ለኔ! ክብ መነፅር አደረግኩላት፣ አሮጊት መሰለች፤ በቲነር ጠረግኩት። ባለ ማዕዘን አደረግኩላት፣ ቁጭ ዘርይሁንን! ጠረግኩት። ቲነር ደሞ መነፅር ለይቶ አይጠርግም፣ አይኗንም ይዞት ወጣ። አሁን ልጄ ያለ አይን ተንጠልጥላለች። አላፊ አግዳሚው «ፉንዲ፣ ምነው ይቺን ተውካት?» ይለኛል። የቀለም መርጫው ኮምፕሬሰር ተበላሽቷል እላለሁ። ሱፍዋን የሚቀጥለው ቅዳሜ መኪናው መንገድ ይወጣል ብሏል። ካልጨረስክ ሌላ ሰው አስገብቼ አበባ አስደርግበታለሁ አለኝ። አበባ! ልጄ ፊት ላይ!

ይሄ ሁሉ ያንቺ ስራ ነው። የልጅ አይን ሲደክም ለአባቷ አይነገርም? ለጅብ ተነግሮ ለኔ አይነገርም? ሰሌዳው ነው የማይታያት ወይስ ደብተሩ? ሐኪም ምን አለ? ስትሮጥ መነፅሩ አይወድቅባትም? ልጆች ይስቁባታል? የሚስቅባት ካለ ስሙንና መልኩን ላኪልኝ፣ ጅቡ አጠገብ ገና ባዶ ቦታ አለ።

ለወንድምሽ እንዳታማልጂኝ፣ እሱ ይጭሳል። አንቺን ግን ከታች የምልሽን ካደረግሽ ከበሩ አንስቼ መስኮቱ ስር አደርግሻለሁ፣ በሩ የማይነካሽ ቦታ። ለልጆቹ ብዬ ነው፣ ላንቺ አይደለም። ሳቅሽንም ያልነካሁት ጥሩ ስለወጣ ብቻ ነው፣ ሌላ አይምሰልሽ።

ጌታ ልጆቼን ያሳድግልኝ፣ አይናቸውን ያብራልኝ። ትንሳኤን ሳሚልኝ፤ እሷስ ምን ተለወጠባት? ደብቂኝ ደሞ። አንቺንም ጌታ የስራሽን ይስጥሽ፣ ጤና ግን አይንሳሽ።

የልጆችሽ አባት
አድነው

ብሎኩን አንሺና የማዕዶትን ፎቶ ላኪልኝ፣ ከፊት ለፊት፣ ከነመነፅሯ። «ፎቶውን ሳታነሳ ከደጇ እንዳትነቃነቂ» ብዬ አስካለን አስምያታለሁ፣ ቆማ ትጠብቅሻለች። ነገ ዛሬ እንዳትይኝ፤ አሁኑኑ መልሺ!