ዛቡን አልሰጥም

ጥር 5

ዛሬ አዲስ ጀማሪዎች መጡ። ሁሌ ያው ጥያቄ… «መቼ ነው የምንጋልበው?» አካፋና ብሩሽ ሰጠኋቸው። አንዷ እናት ልጇ ፋንድያ ስትዝቅ አይታ አፍንጫዋን ያዘች። ትልመደው።

ከሰዓት በኋላ አሮጊቷን ባዝራ አወጣኋት። ስሟ ወይዘሮ ነው፤ ለጀማሪ ከእሷ የተሻለ የለም። እኔ መሃል ቆሜ ረጅሙን ገመድ እይዛለሁ፣ እሷ ዙሪያዬን ትዞራለች፣ ልጁ ሁለት እጁን ራሱ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። ዛብ የለም። ዛብ በልጓሙ ከፈረስ አፍ ጋር የተያያዘ ጠፍር ነው እንጂ መደገፊያ አይደለም። በሶምሶማ ሳይንገዳገድ መቀመጥ የቻለ ይወስዳል። ያልቻለ… ይጠብቃል።

አንዲት ልጅ አለች፣ ስትመጣም ስትሄድም ያኮረፈች። ኩርፊያ አልኳት። ሳቋን ዋጥ አደረገች።

ጥር 8

የግልቢያ ትምህርት ቤቱ ባለቤት ቢሮ ጠራኝ።

«ወላጆች እያጉረመረሙ ነው። ልጆቻችንን እንደ ጆንያ ጭና ታዞራለች ይላሉ። ዛቡን ስጪያቸውና እንገላገል።»

«ጋሼ፣ ሲንገዳገዱ የሚንጠለጠሉት በወይዘሮ አፍ ላይ ነው።»

«ጎረቤቶቻችን በመጀመሪያው ቀን ነው የሚሰጡት።»

ጎረቤት ገደል ቢገባስ? አላልኩም። እምቢ ብቻ አልኩ።

ጥር 13

ትናንት ጥርስ ላስነቅል ቀርቼ ነበር። አንድ ቀን ብቀር… ዛሬ ስደርስ ወይዘሮ ድርቆሿን አልነካችም። የአፏ ጥግ ተሰንጥቋል። ደሜ ፈላ።

ባለቤቱ እኔ በሌለሁበት ዛብ አድሏል። ኩርፊያ ስትንገዳገድ ዛቡን ሙጭጭ አድርጋ ያዘች፣ ወይዘሮ አንገቷን ወረወረች፣ ልጅቷ አሸዋው ላይ። አጥንት አልተሰበረም። ጉንጯ ተልጧል።

ዛሬ አጥሩን ተደግፋ አገኘኋት። «ወይዘሮ ጠልታኛለች። ሁለተኛ አልወጣም።»

እጇን ይዤ ወስጄ ቁስሉን አሳየኋት።

«እኔ ነኝ?»

አይደለሽም ማለት እችል ነበር።

«እጅሽ ነው። አላወቅሽም ነበር፤ አሁን አወቅሽ።»

አለቀሰች። ከዚያ ባልዲ አንስታ ውሃ ልትቀዳላት ሄደች።

ጥር 19

እሁድ ወላጆች ልጆቻቸውን ሊያዩ ይመጣሉ። ባለቤቱ ቁርጡን ነገረኝ… «ሁሉም ዛብ ይዞ ይታያል። ያለዚያ ሌላ አስተማሪ እፈልጋለሁ።»

ለእህቴ ነገርኳት። «ለሆድሽ ስትይ እሺ በይው» አለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አልኳት።

«አንቺ ሳትቸኩዪም ልታፈሺ ነው።»

እውነቷን ነው። ያለ ሥራ መቀመጥ ያስፈራኛል። ቢሆንም አልሰጥም።

ጥር 24

አልሰጠሁም።

የወይዘሮ ቁስል ሽሯል። ኩርፊያ አንገቷን ዳሰስ አድርጋ… ወጣች። መዞር ስንጀምር ባለቤቱ ወላጆቹ ፊት ሜዳው ውስጥ ገብቶ አስቆመን። ዛቡን ራሱ አሰረና እጇ ላይ አስቀመጠ። እኔ አፌን ልከፍት ስል እሷ ቀደመችኝ። መልሳ ሰጠችው።

«አመሰግናለሁ ጋሼ። ገና ነኝ።»

ሁለት እጇን ራሷ ላይ አደረገች። ገመዱን ለቀቅ አደረግኩ። ሶምሶማ። ተንገዳገደች… ተቃናች። አልወደቀችም። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ሰዉ ሲበተን ባለቤቱ የጋጣውን ቁልፍ ተቀበለኝ።

የካቲት 6

ሥራ የለኝም። ጠዋት ልብስ ሳጥፍ በር ተንኳኳ። በእኔ ቦታ የተቀጠረው አስተማሪ። ልጅ እግር ነው፣ ቦት ጫማው ገና ያብረቀርቃል። በሩን ልዘጋበት ዳድቶኝ ነበር።

«እትዬ፣ እነዚህን ልጆች ምን ብለው ነው ያስተማሯቸው?»

«ምን አደረጉ?»

«ዛብ አንቀበልም አሉኝ። ሁሉም። ባለቤቱ እያየ።»

ሳቄ አመለጠኝ። እሱም ሳቀ፣ ምስኪን። ወንበር ሰጠሁት።

«ታዲያ መቼ ልስጣቸው?»

«ራሳቸው ሲጠይቁህ።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያ ገመዱን ያዝ።»