በጠራራ ፀሐይ ጋቢ

ቆቦ፣ ግንቦት 12 ቀን 1974 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ልጄ ለታረቀኝ፣

ጤናህ እንዴት ነው? የደሴ ብርድስ? እኛ ከሙቀቱ በቀር ክፉ አላየንም፣ ፈጣሪ ይመስገን። በመሠረተ ትምህርት በለቀምኳት ፊደል ታሾፍብኝ ነበር፤ ይኸው ገመናህን ለጸሐፊ ሳልዘከዝክ ራሴ ጻፍኩልህ።

ሚስትህ ደመቀች ልጇን ይዛ ስትመጣ «ናፍቀውኝ ነው» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ቡና አፈላሁላት። ግን ይሁኔ ከስቷል፤ የሦስት ወር ልጅ እንዲህ አይቀልም። ቤት ውስጥ ታጠባዋለች፤ ውጭ ከሆንን ግን ቢያለቅስም «ቤት ስንገባ» እያለች ታባብለዋለች።

ባለፈው ገበያ ወረድን። ልጁ በረሃብ ሲንፈራፈርባት ጥግ ይዛ ተቀመጠችና፣ ወፍራም ጋቢ ከአናቷ እስከ ጉልበቷ ተከናንባ ታጠባው ጀመር። በቆቦ፣ በግንቦት! የልጁ ድምፅ እየደከመ ሄዶ ጸጥ አለ። ጋቢውን ስገልጠው ፊቱ በርበሬ መስሏል፣ ዓይኑን መግለጥ አቅቶታል። ጎረቤታችን አሚና ውሃ አምጥታ ፊቱን አራሰችው፤ በሻሿ እያራገበች፣

«ቢስሚላሂ በይና ገልጠሽ አጥቢው እንጂ! ማንን ፈርተሽ ነው?» አለቻት።

ደመቀች «ታረቀኝ ያፍርብኛል» ብላ ስቅስቅ አለች።

ለካ በጓዶችህ ፊት ስታጠባ «ባላገር፣ አታዋርጂኝ» ብለሃታል! አንተን እኮ እዚሁ ገበያ መሀል፣ ማሽላ እየሰፈርኩ ነው ያጠባሁህ። አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ ቀን አፍሮብኝ አያውቅም። ተናድጄብሃለሁ ልጄ፤ አዝኜብህማለሁ።

አትደንግጥ፣ ይሁኔ አሁን ደህና ነው። ትናንት ከጎብዬ በአውቶቡስ ስንመለስ ደመቀች ጋቢውን ጭኔ ላይ ጣል አድርጋ አጠባችው። አጠገባችን የነበሩት ሽማግሌ መስኮቱን ከፈቱላትና ስለ ከብቶቻቸው ወሬያቸውን ቀጠሉ። ማንም ዞሮ አላያትም።

መጥተህ ውሰዳቸው ልልህ ነበር፤ አሁን አልልህም። መጀመሪያ ና፣ ከእሷ ጋር ገበያ ውረድ። ልጁ ሲያለቅስ ራስህ አንስተህ ስጣት፤ ጠግቦ እስኪተኛም ሰው እያየህ ከጎኗ ተቀመጥ። ይህን ካልቻልክ ብቻህን ትመለሳለህ። ቤቴ ለሦስታችን ይበቃል።

መጻፌን እሷ አታውቅም። ግን የደሴ አውቶቡስ ጡሩምባ በሰማች ቁጥር ፀጉሯን ዳበስ ዳበስ አድርጋ ደጅ ትወጣለች። ምን ፈልገሽ ነው ስላት «ነፋስ ልቀበል» ትለኛለች።

አምላክ ልብም እግርም ይስጥህ።

እናትህ አስረሳሽ